ሁለት ሰርቨር አይበቃም

የመመረቂያ ፕሮጀክቶቻችን ያሉበት ብቸኛ ሰርቨር ሲበላሽ የስንቶቻችን ሥራ አብሮ እንደጠፋ አንረሳውም። አሁን ሁለት ሰርቨሮች በፕሮክስሞክስ ይያያዙ ተብሏል። እኛ መጠነኛም ቢሆኑ ሦስት ይሁኑ እንላለን።

ክላስተር የሚሠራው በድምፅ ብልጫ ነው። ከሁለቱ አንዱ ቢወድቅ፣ ሦስተኛ ድምፅ ከሌለ፣ የቀረው አብላጫ ስለማይኖረው የወደቀውን ቨርቹዋል ማሽን ማስነሳት አይችልም። ከሦስት አንዱ ቢወድቅ ግን ሁለቱ ይቀጥላሉ። የሰርቨሮቹን ዲስኮች አንድ ላይ የሚያስተዳድረው ሴፍ የተባለው ሶፍትዌርም በተለመደው አሠራሩ መረጃውን በሦስት ቅጂ ያስቀምጣል። ለዲስክ ወጪው ከባድ ነው፤ እናውቃለን። ሦስቱም አንድ ሶኬት ላይ ከተሰኩ ደግሞ ልፋቱ ከንቱ ነው!

ሦስት ቅጂ ግን ባክአፕ አይደለም፤ በስህተት የተሰረዘ ፋይል ከሦስቱም ይጠፋል። ለባክአፕ ሌላ ሕንፃ ውስጥ ያለ ሌላ ማሽን ይመደብልን።