ብርዱ ነው ወይስ ከሰሉ?

  እኔ ይህን የምጽፈው እግሬን በጋቢ ጠቅልዬ፣ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ጆሮዬን እያደነቆረኝ ነው። ሐምሌ መቼስ ሐምሌ ነው። ታክሲ የለም፣ ቢገኝም ጭቃው አያስወጣም። ያጠቡት ልብስ ሦስት ቀን ተሰጥቶ ሳይደርቅ ይሸታል። መብራቱም ነጎድጓድ በሰማ ቁጥር ደንግጦ ይጠፋል።

ለዛሬ ስለ ቅናት የጻፈልኝን ወንድም ደብዳቤ ላስተናግድ ነበር። ይቅርታ ያድርግልኝና ለሚቀጥለው ሳምንት አሳድሬዋለሁ። ሰኞ ዕለት ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አንዱ እንቅልፍ ነስቶኛል።

ጸሐፊዋ የድሬዳዋ ልጅ ናት። ባሏ የደብረ ብርሃን ልጅ ነው። የተጋቡት በጥር፣ እሷ አዲስ አበባ የገባችው በመጋቢት ነው። ከጻፈችው ላይ ጥቂቱን ላካፍላችሁ።

«ሰዉ ጥሩ ነው፣ ባሌም ጥሩ ነው፣ ብርዱን ግን አልቻልኩትም። አቦ! ይሄ ከተማ ፍሪጅ ነው እኮ። ማታ ከሰል አቀጣጥዬ መኝታ ቤት ሳስገባ እሱ ተነስቶ መስኮት ይከፍታል። እኔ እዘጋለሁ፣ እሱ ይከፍታል። ‹ይሄም ብርድ ሆኖ!› እያለ ይስቅብኛል። ቢያስብልኝ ኖሮ ብርድ ያስገባብኝ ነበር? ከልቡ አልወደደኝም ማለት ነው? ነሐሴ ሳይገባ እናቴ ጋ ልመለስ ወስኛለሁ።»

መጀመሪያ ሳነበው ሳቅሁ። እውነቴን ነው፣ በመስኮት የተጣላ ባልና ሚስት አጋጥሞኝ አያውቅም። ሁለተኛ ሳነበው ግን አልሳቅሁም። ለምን እንደሆነ ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ፤ መጀመሪያ ስለ ብርዱ እናውራ።

እህቴ፣ ብርዱ እውነት ነው። አላካበድሽም። ድሬዳዋ ያለችው ከባህር ወለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ከፍታው በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ በስድስት ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። አንቺ ያደግሽበት ከተማ በግንቦትና በሰኔ 35 ዲግሪ ሲነካ፣ አዲስ አበባ በሐምሌ ቀትር ላይ 20 ዲግሪ ካለፈች ጎበዝ ናት። በዚያ ላይ ዝናቡ አለ። ድሬ በዓመት የምታገኘው ዝናብ የአዲስ አበባን ግማሽ ያህል ነው፤ ለዚያውም የሚያዝያውና የነሐሴው ተካፍለውት። እዚህ ግን አብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ ተጠቅልሎ አናታችን ላይ ይወርዳል። ደግሞ የመጣሽበት ወር አሳስቶሻል። መጋቢት የአዲስ አበባ ሞቃት ወር ነው። ከተማዋ በሚያምረው ፊቷ ተቀብላ፣ በሰኔ እውነተኛ ጠባይዋን አሳየችሽ። (እንደ አንዳንድ ወንዶች ማለት ነው፤ ያንቺን ባል አላልኩም።)

ይህ ሁሉ ዝናብ ከየት ይመጣል? የጂኦግራፊ አስተማሪያችን ዝናብ ማለት ፀሐይን ተከትሎ የሚዞር እንግዳ ነው ይሉን ነበር። 12ኛ ክፍል ከጨረስኩ ቆየሁ፤ ያቺ አባባል ግን አልጠፋችኝም። ፀሐይ ወደ ሰሜን ስትሻገር የዝናቡ መቀነት ይከተላታል። ከአትላንቲክ ተነስቶ የኮንጎን ደን ያቋረጠው እርጥብ ነፋስ፣ ከህንድ ውቅያኖስ ከሚመጣው ጋር ሆኖ ተራሮቻችን ጋ ሲደርስ ሽቅብ ይወጣል። ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ሲቀዘቅዝ ይዘንባል። ህንዶች ሞንሱን የሚሉት ወቅታዊ ነፋስ ዘመድ ነው። ከመስከረም በኋላ መቀነቱ ወደ ደቡብ ይመለስና ከሰሜን ምሥራቅ፣ ከአረቢያ በኩል፣ ደረቅ ነፋስ ይተካል፤ በጋ የምንለው ያንን ነው። የበልጉ ዝናብ በበኩሉ ከየካቲት እስከ ግንቦት በአብዛኛው ከህንድ ውቅያኖስ በኩል ይመጣል፤ ግን ጠባዩ አይታመንም፣ አንድ ዓመት ይመጣል፣ አንድ ዓመት ይቀራል።

ሰው ሁሉ የኛ ክረምት የአገሩ ሁሉ ክረምት ይመስለዋል። እንዲህ አይደለም። ቦረና ሄዳችሁ ሐምሌን ብትጠይቁ ደረቅ ነው ይሏችኋል። እነሱ ጋ ዝናቡ «ገና» እና «ሀገያ» ተብሎ በፀደይና በመኸር በኩል ሁለት ጊዜ ይመጣል። (ገናን ከልደት በዓል ጋር እንዳታምታቱት።) ኢሉባቦር ደግሞ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ዝናብ አይለየውም። ስሙ ላይ እንኳ አንስማማም። ቤተ ክርስቲያን ዓመቱን ለአራት ከፍላ ክረምትን ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ትቆጥራለች፤ የሚቲዎሮሎጂ ሰዎች ለሦስት ይከፍሉታል፤ ጸደይ መቼ ነው ቢባል ግን ሰው ግማሹ መስከረም፣ ግማሹ ሚያዝያ ብሎ ይጣላል። በዚህ እንኳ ካልተስማማን እናንተ ባልና ሚስቱ በብርድ አለመስማማታችሁ ምን ይገርማል?

አሁን ወደ ባልሽ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ውርጭ የሚባለውን ነገር እሱ በዓይኑ አይቶ ነው ያደገው። ደግሞ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ አትደንግጪ፤ የደጋው ሌሊት በጣም የሚበርደው ገና ወደፊት ነው። በክረምት ቀኑ ይቀዘቅዛል እንጂ ሌሊቱን ደመናው እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍነናል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ሲል ግን ምድሪቱ የቀን ሙቀቷን ሁሉ ለሰማይ ትሰጥና ንጋት ላይ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ባልሽ «ይሄም ብርድ ሆኖ!» የሚለው ለዚህ ነው።

ዝናቡንም አንቺ እንደምታዪው አያየውም። ለገበሬ ልጅ ሐምሌ ላይ ዝናብ መጥላት ማለት እንጀራን መጥላት ነው። የ1976 ክረምት ከሽፎ በ1977 የሆነውን ከአባት ከእናቱ ሰምቷል። በ2007 ዓ.ም ኤልኒኖ ክረምቱን ሲያደርቀው ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ ጠባቂ ሆኖ ነበር። ስለዚህ ቆርቆሮው ሲንጫጫ አንቺ ስታለቅሺ እሱ ደስ ብሎት ይተኛል። ጠባችሁ እዚህ ላይ ቢሆን ኖሮ «ተቻቻሉ» ብዬ እጨርሰው ነበር።

ግን ከሰሉ አለ።

12ኛ ክፍል በጨረስኩበት ክረምት ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር አንዲት ጠባብ የጭቃ ቤት ተከራይተን ነበር። ግድግዳው ያረግዛል፣ መስኮቱ አይገጥምም። ቀዳዳውን በሙሉ በፌስታልና በአሮጌ ጨርቅ ወታተፍነው፤ በሥራችን ኮርተን ነበር። ነሐሴ ላይ አንድ ማታ ቡና አፍልተን ጠጣን። ምድጃው ላይ የተረፈው ፍም ቀይ ብሎ ያምራል። ላውጣው ስል ጓደኛዬ «ተይው፣ ጭሱ ወጥቷል፣ ቤቱን ያሙቅልን» አለችኝ። እኔም ደስ አለኝ። ተኛን።

ሌሊት ሽንቴ ቀሰቀሰኝ። ለመነሳት ብሞክር እግሬ የኔ አይደለም። ራሴ በመዶሻ የሚመታ ይመስላል። ጓደኛዬን ጠራኋት፤ ምን ብዬ እንደጠራኋት አላውቅም፣ አልመለሰችልኝም። እንዴት እንደደረስኩ አላስታውስም፣ በሩ ላይ ወደቅሁበት። መቀርቀሪያው የላላ ስለነበር ተከፈተና ግቢው ጭቃ ላይ ተዘረርኩ። ዝናቡ ፊቴ ላይ ሲወርድ ነቃሁ። የዚያን ሌሊት ዝናብ እስከዛሬ አልረሳውም። የቤቱ አከራይ እትዬ የብረቱን በር ድምፅ ሰምተው በፋኖስ ወጡና ጩኸታቸውን አቀለጡት። ጓደኛዬን ጎትተው አወጧት። አንዷ ጎረቤት ሎሚ፣ ሌላዋ ወተት ይዛ መጣች። ያዳናት ግን ሎሚውም ወተቱም አይደለም፤ ንጹሕ አየርና ሆስፒታል የሰጧት ኦክስጅን ነው። ተርፋለች፣ ዛሬ የልጅ እናት ናት። ግን ለወራት የሰው ስም ይጠፋባት፣ የጀመረችውን ወሬ መሃል ላይ ትረሳው ነበር።

ሐኪሙ እንዲህ ብሎ አስረዳን። ከሰል በተዘጋ ቤት ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። የሚሸተው ጭስ ቢያልቅም እሱ አያልቅም፤ «ጭሱ ወጥቷል» የምንለው ቀይ ፍም እንዲያውም አታላይ ነው። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ነገር ይህ ጋዝ ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ኦክስጅን ቦታ ያጣል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳት ይመጣል፤ የተኛ ሰው ደግሞ ይህን ሁሉ ሳያውቀው እንደተኛ ይቀራል።

ሁለተኛ ሳነበው ያልሳቅሁት ለዚህ ነው። ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ፣ ከሰላምታው በታች፣ እንደ ተራ ነገር አድርገሽ ሁለት መስመር ጨምረሻል። «ባሌ ሹፌር ስለሆነ በሳምንት ሁለት ሦስት ሌሊት ክፍለ ሀገር ያድራል። እሱ በሌለ ቀን መስኮቱን ዘግቼ እንደ ልቤ እሞቃለሁ። ጠዋት ግን ብርዱ ነው መሰለኝ ራሴን ይፈልጠኛል፣ ያቅለሸልሸኛል፤ ገበያ ስወጣ ይተወኛል። ሦስተኛ ወሬን ይዣለሁና ከሱም ሊሆን ይችላል።»

እህቴ፣ እርግዝና ያቅለሸልሻል፣ አውቃለሁ። ግን እርግዝና ባል ክፍለ ሀገር ያደረበትን ቀን እየመረጠ ራስ አይፈልጥም። ከቤት ሲወጡ የሚለቅ፣ ቤት ሲያድሩ የሚመለስ ራስ ምታት የብርድ አይደለም። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የከሰሉን ነገር ግን በገላዬ አውቀዋለሁ። ይህ ጋዝ ከእናቱ ይልቅ በሆድ ያለውን ይበልጥ ይጎዳል። ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ነገር ተይና ዛሬ ማታ ከሰሉን አውጪ። መስኮት ከፍቼ ላስገባው አትበይ፤ የተከፈተ መስኮት አደጋውን ይቀንሰው ይሆናል እንጂ አያስቀረውም። የሚተኛ ሰው ያለበት ክፍል ከሰል አይገባም፣ አለቀ። ነገ ጠዋት ደግሞ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ስትገቢ «ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ራሴን ያመኛል» ብቻ ብለሽ እንዳትመለሺ። «ከሰል ባለበት በተዘጋ ቤት አድራለሁ» በያቸው። ካልነገርሻቸው ከየት ያውቁታል?

«ታዲያ ብርዱንስ?» ትዪ ይሆናል። ብርዱ በአብዛኛው የሚመጣው ከታች ነው። አንድ ጋቢ ወይም ወፍራም ብርድ ልብስ ከአንሶላው ሥር አንጥፊ፤ ሰው ከላይ አምስት እየደረበ ከታች ባዶውን ይተኛል። ፍራሽሽ መሬት ላይ ከሆነ ሥሩ ላስቲክ አድርጊ። አልጋውን እርጥበት ካለው ግድግዳ አርቂው። ካልሲ አድርጊ፣ ሻሽ እሰሪ። ውሃ አሙቀሽ በላስቲክ ከረጢት፣ ፋርማሲ ይሸጣል፣ በፎጣ ጠቅልለሽ ከመተኛትሽ በፊት እግርሽ ጋ አስቀምጪ። እርጥብ ልብስ መኝታ ቤት አትስቀዪ፣ ቤቱን ይበልጥ ያቀዘቅዘዋል። እራትሽን ትኩስ ብዪ። ከሰሉን ለቡናና ለበቆሎ ጥብስ በረንዳ ላይ ተጠቀሚበት፤ የሐምሌ በቆሎ እንደሆነ በረንዳ ላይ ነው የሚጣፍጠው።

አሁን ያንተ ተራ ነው፣ ወንድሜ፤ ጋዜጣውን ታነባለህ ብላለች። መስኮቱን መክፈትህ ሕይወቷን አትርፏል። ግን ለምን እንደምትከፍተው አንድ ቀን ቁጭ ብለህ ነግረሃታል? ወይስ ስቀህባት ብቻ ተኛህ? ከሙቅ አገር ያመጣሃትን ሚስት ብርድ ላይ ስትስቅባት፣ እሷ መስኮቱን የፍቅር መለኪያ አድርጋዋለች፤ አንተ በሌለህበት ሌሊት የምትዘጋውም ለዚህ ነው። ያቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር መናገር ምን ይከብዳል? ደግሞ ከመንገድ ስትመለስ ቡሉኮ ይዘህላት ግባ። የአገርህ ልጆች ናቸው የሚሸምኑት፣ ዋጋውን ታውቀዋለህ።

ድሬ መሄዱን በተመለከተ፣ እህቴ፣ እናትሽ ናፍቀውሽ ከሆነ ሂጂ፤ ለአንድ ወር ሙቀት ጠጥተሽ ብትመለሺ ማንም አይጠላሽም። ተጣልተሽ ግን አትሂጂ። ቡሄ ካለፈ ክረምት የለም ይባላል፤ እውነቱን ለመናገር ዝናቡ ከቡሄ በኋላም ሳምንታት ይቆያል፣ ግን በየመሃሉ ፀሐይ ብቅ ማለት ይጀምራል።

ጤና ጣቢያ ምን እንዳሉሽ ጻፊልኝ። በሚቀጥለው ሳምንት የቅናቱን ወንድም አስተናግዳለሁ፤ ያንቺ ደብዳቤ ከደረሰኝ ግን እሱ አሁንም ትንሽ ይጠብቃል።