ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ምን እንብላ?

የመጨረሻው መንጋጋ ጥርስዎን ተነቅለው ከተመለሱ፣ ለዛሬ ትኩስ ቡናም ትኩስ ሾርባም ይቆዩዎት። በተነቀለው ቦታ የረጋው ደም የቁስሉ ክዳን ነው፤ ትኩስ ነገር ሊያነሳው ይችላል፣ በስትሮ መሳብ ደግሞ ይነቅለዋል። ስለዚህ የአቮካዶ ጭማቂዎን በማንኪያ ይውሰዱ። እርጎ፣ ለብ ያለ የአጃ አጥሚት፣ በወተት የተፈጨ ቅቅል ድንችም ይስማማል። ገንፎ ለስላሳ ነው ብለው ግን እንዳይሸወዱ፤ ትኩሳቱና በርበሬው አይሆንም። በማግስቱ ለስላሳ እንቁላል ፍርፍር፣ ለሚጾም ደግሞ ቀጠን ያለ አልጫ ሽሮ ይጨምሩ፤ በፕሮቲን ሽሮው ከአጥሚቱ ይሻላል። በሦስተኛው ቀን ገደማ እንጀራውን በሽሮው አርሶ በሌላኛው ጎን ማኘክ ይቻላል። ቆሎና ፈንዲሻ፣ ልጆቹ ቢያኮርፉም፣ ቁስሉ እስኪደፈን ከዓይንዎ ይራቁ። ሕመሙ ከቀናት በኋላ እንደ መቀነስ ከባሰ፣ ምግብ መቀየሩን ትተው ለሐኪምዎ ይደውሉ።