መናፈሻው የታፔላ መስቀያ አይደለም

ለሠፈራችን ነዋሪዎች በሙሉ፤

በዚህ ሰሌዳ ላይ አዘውትረን የምንለጥፈው የወር መዋጮ ማሳሰቢያ፣ የጽዳት ዘመቻ ቀንና የውኃ መቋረጥ ማስታወቂያ መሆኑን ታውቃላችሁ። ዛሬ ግን ጠንከር ያለ ጉዳይ ይዘን ቀርበናል። ቆማችሁ ለምታነቡት ትንሽ ይረዝምባችሁ ይሆናል፤ ቢሆንም እስከ መጨረሻው እንድታነቡልን፣ ዓይናቸው ለደከመ አባቶችና እናቶችም ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ እንድታሰሙልን እንለምናለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የከተማችን ምክር ቤት ባለፈው ስብሰባው ስለ መናፈሻችን አንድ ረቂቅ ቀርቦለት ሲከራከርበት ውሏል። ረቂቁ ባጭሩ፣ ለመናፈሻው ገንዘብ የሚሰጥ ሰው ወይም ድርጅት በሰጠው መጠን ስሙ በእብነ በረድ ወይም በናስ ተቀርጾ ይተከልለት ይላል። ጥቂት የሰጠ በአግዳሚ ወንበር ላይ፣ ከዚያ ከፍ ያለ በዛፍ ግንድ ላይ፣ ብዙ የሰጠ ደግሞ በዋናው በር ላይ። ለእያንዳንዱ ዋጋ ወጥቶለታል። የማኅበራችን ተወካዮች ከኋላ ተቀምጠን ስንሰማ፣ ዝርዝሩ ሲነበብ ሥጋ ቤት ገብተን ይህ ብልት ስንት፣ ያኛው ስንት የሚባል ነበር የመሰለን። ምክር ቤቱ ሳይወስን ለሚቀጥለው ስብሰባ አሳድሮታል። እኛ ግን አቋማችንን አናሳድረውም። ይህን ረቂቅ አጥብቀን እንቃወማለን።

አንድ ነገር አስቀድሞ ይታወቅልን። የምንቃወመው ሰጪውን አይደለም። ያለው ይስጥ፤ እግዜር ይስጥልን እንላለን። መናፈሻው ገንዘብ እንደሚያስፈልገውም ከማንም በፊት የምናውቀው እኛ ነን፤ የውኃ ቧንቧው ተሰብሮ ስንት ጊዜ አቤት እንዳልን የዚህ ሰሌዳ የድሮ ወረቀቶች ይመሰክራሉ። ጥያቄያችን ሌላ ነው። ለመሆኑ የሚሸጠው የማን ንብረት ነው?

ቦታው የሠፈሩ ቆሻሻ መጣያ የነበረበትን ጊዜ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ያነሣው ማን ነው? አካፋ ያለው በአካፋ፣ የሌለው በጆንያና በእጁ ጠርጎ ያነሣው የዚህ ሠፈር ሰው ነው። ጉድጓዱን በየቤቱ ተከፋፍለን ቆፈርን። ወይራውን፣ ጽዱን፣ ዋንዛውንና ግራሩን ተከልን። በጋ ሲመጣ ችግኙ እንዳይደርቅ እናቶችና ልጆች ጀሪካን እየተሸከሙ ከቦኖው ተመላለሱ። ከነዚያ ሰዎች ያንዱም ስም የትም አልተጻፈም፤ ይጻፍልኝ ያለም አልነበረም። ዛሬ እኮ ያ በጀሪካን ውኃ ያደገ ዋንዛ ደረቱ ላይ የሌላ ሰው ስም ሊለጠፍበት ነው። ወይ ጉድ!

አንድ የምክር ቤት አባል ተነሥተው፣ «አዲስ አበባን አላያችሁም ወይ? ባለሀብቱ ተጋብዞ ከተማዋ እንዴት አማረች» አሉ። እሺ፣ አይተናል። ግንቦት 11 ቀን 2011 ዓ.ም. ለሸገር ተብሎ በተዘጋጀው እራት ላይ ለመቀመጥ 5 ሚሊዮን ብር ይከፈል ነበር። ገንዘቡ ለወንዝ ዳርቻ ልማት የታሰበ ነው፤ 56 ኪሎ ሜትር የሚሸፍንና 29 ቢሊዮን ብር የሚፈጅ ዕቅድ ተብሎ ተነገረ። መልካም። ነገር ግን በዚያው ዓመት፣ ሐምሌ 22 ቀን፣ በአገሪቱ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት ራሱ ገልጾ ነበር። ለመሆኑ በሐምሌ ጭቃ ተንበርክኮ የተከለውን ሰው በስሙ የሚያውቀው አለ? እኛ እራት የበላውን አልተቀየምነውም፤ ግን የእኛ መናፈሻ ተወላጅነቱ ከእራቱ ሳይሆን ከጭቃው ነው። ደግሞም ያ ገንዘብ ገና ለሚሠራ ነገር የተጠየቀ ነው። እዚህ ግን ሊሸጥ የቀረበው ተሠርቶ ያደረ ነገር ነው።

ሌላው ተናጋሪ ደግሞ ራቅ አሉና ኒው ዮርክ ደረሱ። እውነታቸውን ነው። በዚያ ከተማ ሴንትራል ፓርክ የሚባለው ታላቅ መናፈሻ ከ9000 በላይ አግዳሚ ወንበሮች አሉት፤ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ አንድ ሰው ገንዘብ ከፍሎ በወንበር ላይ የፈለገውን ስም የያዘች ትንሽ የብረት ጽሑፍ ሊያስለጥፍ ይችላል። ዋጋው በቅርብ ዓመታት 10000 ዶላር ደርሷል። በሺህ የሚቆጠሩ ወንበሮች በዚህ ዓይነት ተይዘዋል። ያልተነገረው ግን ምንድን ነው? ያንን ገንዘብ የሚይዘው እ.ኤ.አ. በ1980 ለመናፈሻው ብቻ ተብሎ የተቋቋመ ድርጅት መሆኑ፣ ገንዘቡም ወንበሮቹንና ዙሪያቸውን ለመጠገን የሚቀመጥ መሆኑ ነው። የእኛ ረቂቅ ገንዘቡ የት ይገባል ይላል? ወደ ከተማው ጠቅላላ ገቢ። ስሙ መናፈሻው ውስጥ ይቀራል፤ ብሩ ለመኪና ጎማ መግዣ ይሁን ለስብሰባ አበል፣ የሚያውቀው የለም።

ኒው ዮርክ ከተነሣ አይቀር አንድ ሌላ ነገር እንጨምር። በዚያችው ከተማ ሊንከን ሴንተር በተባለው የኪነ ጥበብ ማዕከል ውስጥ አንድ የሙዚቃ አዳራሽ አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 ኤቨሪ ፊሸር የተባሉ ባለሀብት 10 ሚሊዮን ከግማሽ ዶላር ሰጡና አዳራሹ በስማቸው ተጠራ። ዘመን አልፎ አዳራሹ እድሳት ሲፈልግ፣ አዲስ ሰጪ ለማግኘት የድሮው ስም መውረድ ነበረበት። ቤተሰቡ እንዲለቅ እ.ኤ.አ. በ2014 የ15 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተደረገ። በዓመቱ ዴቪድ ጌፈን የተባሉ ሌላ ሀብታም 100 ሚሊዮን ሰጥተው ስማቸው ተተካ። እንግዲህ አስቡት፤ በ10 ሚሊዮን ከግማሽ የሄደውን ስም ለማስመለስ 15 ሚሊዮን! እነሱ ከፍለው አስመለሱት። የእኛ ማዘጋጃ ቤት በምኑ ያስመልሳል? ረቂቁ ታፔላው ለስንት ዓመት እንደሚቆይ እንኳ አይናገርም። በእንግሊዝ አገር ብዙ ከተሞች የመታሰቢያ ወንበር ሲፈቅዱ ለዐሥር ዓመት ያህል ብለው በጊዜ ይወስኑታል። እኛ ዘንድ ለዘለዓለም ነው።

«በቤተ ክርስቲያንስ የሰጪ ስም ይጻፍ የለም ወይ?» የሚሉን አሉ፤ ይህን ከሠፈራችንም ሰዎች ሰምተናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። አዎ ይጻፋል፤ በብራና መጽሐፍ ላይ ያስጻፈው ሰው ስም ይገኛል። ነገር ግን ብዙውን ጊዜ የተጻፈው የክርስትና ስሙ ነው፤ ጎረቤት የማያውቀው፣ ካህኑ በጸሎት እንዲያነሣው የተቀመጠ ስም። እቴጌ ምንትዋብ በጣና ሐይቅ በደቅ ደሴት ላይ ያሠሩትን ናርጋ ሥላሴን ያየ ሰው ሥዕላቸውን አይቷል። ንግሥቲቱ የት ነው የተሣሉት? ከእመቤታችን እግር ሥር፣ በግንባራቸው ተደፍተው። አገር የገዙ ሴት ቤተ መቅደስ ሙሉ አሠርተው መሬት ላይ ወድቀው ተሣሉ፤ የእኛ ሰው አንድ አግዳሚ ወንበር ሰጥቶ ዋናው በር ላይ ካልተሰቀልሁ ይላል! ዕድራችንንም ተመልከቱ። ድንኳኑ ላይ፣ ድስቱ ላይ፣ ወንበሩ ጀርባ ላይ የተጻፈው የዕድሩ ስም ነው። ማን ስንት እንዳዋጣ መዝገቡ ያውቃል፤ ለቀስተኛ ሊያውቀው አይገባም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የረቂቁን የዋጋ ዝርዝር ደጋግመን አነበብነው። ወንበር አለ፣ ዛፍ አለ፣ ፏፏቴ አለ፣ በር አለ። ሽንት ቤት የለም። የቧንቧ መስመር የለም። የጎርፍ መውረጃ ቦይ የለም። የዘበኛውና የአትክልተኛው ደመወዝ የለም። ለምን? ስሙን በሽንት ቤት በር ላይ የሚያስጽፍ ሰው ስለማይገኝ ነዋ! ስም የሚያስጽፍ ሰው ስሙ የሚታይበትን ይመርጣል፤ አይፈረድበትም። ነገር ግን ውጤቱን አስቡ። የሽንት ቤቱ በር ከወደቀ ከርሟል። ወንዱ እንደምንም አጥር ይጠጋል፤ ሴቶችና ሕፃናት ግን መናፈሻውን ትተው ወደ ቤት ይመለሳሉ። በክረምት ጎርፉ የታችኛውን መንገድ ቦርቡሮ ሽማግሌ የማያስኬድ አድርጎታል። ዘበኛው አባታችን ደመወዛቸው እየዘገየ በዕዳ ዳቦ ይበላሉ። ይህ ረቂቅ ከጸደቀ ውኃ የማይረጭ ፏፏቴ፣ ማንም የማይገባበት ሁለተኛ በር ይሠራልናል፤ ሽንት ቤቱ እንደ ወደቀ ይቀራል። ከዚያ በኋላ መናፈሻው ምን እንደሚያስፈልገው የሚወስነው ምክር ቤቱም እኛም ሳንሆን ስሙን የሚያስቀርጸው ሰው ይሆናል። ወንበሩ የኔ ነው፣ ሊስትሮ አይቀመጥበት የሚል ቢመጣስ ማን ሊከለክለው ነው?

የዛፉ ነገር ደግሞ ያስቃል፤ የሚያስቅ ባይሆን። ግንድ ላይ የተመታ ምስማር ከዛፉ ጋር ወደ ላይ አይወጣም፤ ዛፉ እየወፈረ ይውጠዋል፣ ቁስሉም ለነቀዝ በር ይከፍታል። ናሱን በተመለከተ አትጨነቁ፤ ቆራሌው አንድ ክረምት አያሳድረውም።

ስብሰባው በተሰማ ማግስት አንዲት እናታችን ወደ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት መጡ። ስማቸውን አንጽፍም፤ እሳቸውም አይወዱ። ችግኞቹ ገና ጉልበት ሳይደርሱ ውኃ ካጠጧቸው አንዷ ናቸው። «ልጆቼ፣ የሟች ልጄን ስም ከዋንዛው ሥር ባለው ወንበር ላይ ማስጻፍ ይቻላል ይላሉ። እውነት ነው?» አሉን። «ገና ረቂቅ ነው እማማ፣ አልተወሰነም» አልናቸው። «ስንት ነው?» አሉ። ነገርናቸው። ጥቂት ዝም አሉና፣ «እኔ በዕድር ገንዘብ የምቀበር ሴት ይህን ከየት አመጣለሁ» ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ።

በዚያ ምሽት በማኅበሩ ውስጥ ተከራክረናል፤ አንደብቅም። አንዳንዶቻችን፣ ረቂቁ ይጽደቅና ለችግረኛ በነፃ ይፈቀድ ይባል አልን። ነገር ግን ይህ እንዴት ይሠራል? የማን ኀዘን ከማን ኀዘን እንደሚበልጥ መዝኖ የሚፈቅድ ኮሚቴ ሊቋቋም ነው? እማማስ ጎረቤታቸው ፊት የድህነት ወረቀት ይዘው ወረፋ ሊቆሙ ነው? ውኃውን የተሸከሙት እሳቸው፣ ለማኝ ሆነው የሚቀርቡትም እሳቸው! በመጨረሻ ሁላችንም በአንድ ሐሳብ ተስማማን፤ በዚያ ወንበር ላይ የማንም ስም አይጻፍ፤ እሳቸውም እንደ ወትሮው ከሰዓት በኋላ ይቀመጡበት።

ስለዚህ ለምክር ቤቱ የምናቀርበው ይህ ነው። ለመናፈሻው ብቻ የሚውል የባንክ ሒሳብ ይከፈት፤ ገቢና ወጪው በየሦስት ወሩ በዚህ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። የሰጪዎች ስም፣ የጉልበት ሰጪውም ጭምር፣ በማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ይግባ፤ ማየት የፈለገ ሁሉ ገልጦ ይይ። ለሰጪው የምስጋና ደብዳቤ ይጻፍለት፤ ቀን ተቆርጦ ቡና ይፈላለት፤ ቡናውን እኛ እናፈላለን። መጀመሪያ የሚሠራውም ሽንት ቤቱና ቧንቧው ይሁን። ታፔላ የግድ ካስፈለገ በየዛፉ ሥር በትንሽ እንጨት ተተክሎ የዛፉ ስም ይጻፍበት። የዛሬ ልጆች ወይራን ከጽድ አይለዩም፤ ቢያንስ ፊደል የቆጠረ ልጅ አንብቦ ይለይ።

ምክር ቤቱ በሚቀጥለው ስብሰባው ድምፅ ይሰጥበታል። ቀኑ እንደ ታወቀ በዚህ ሰሌዳ ላይ በቀይ ቀለም እንጽፋለን። አዳራሹ ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ የቻለ ሁሉ ይምጣ፤ ሥራ የሚይዘው ከቤተሰቡ አንድ ሰው ይላክ። የተቃውሞው የፊርማ ወረቀት በማኅበሩ ጸሐፊ እጅ ነው። ጠዋት ከሥራ በፊትና ማታ ከ12 ሰዓት በኋላ ጽሕፈት ቤቱ ክፍት ነው። ፊርማ የሌለው በጣቱ አሻራ ይፈርማል፤ ቀለሙን አዘጋጅተናል።

የሠፈሩ ነዋሪዎች ማኅበር