ምናባዊ ድርሰት ባዕድ ነውን?

ባለፈው ክረምት ጉርድ ሾላ አካባቢ በሚገኝ አንድ አነስተኛ አዳራሽ ወጣት ደራስያን ያልታተሙ ሥራዎቻቸውን ሲያነቡ በአድማጭነት ተገኝቼ ነበር። ከመካከላቸው አንዱ፣ በሙያው የፊዚክስ መምህር የሆነ ወጣት፣ ታሪኩ ከዛሬ መቶ ዓመት በኋላ እዚያው ጉርድ ሾላ የሚፈጸም አጭር ልብ ወለድ አሰማን። በታሪኩ ውስጥ የከተማው ባቡር መሥራቱን ካቆመ ብዙ ዘመን አልፏል፤ ሐዲዱ ተዘርግቶበት በነበረው መሬት ላይ ጎመንና ድንች ተተክሏል፤ ውኃ በዕጣ ይታደላል። የሰፈሩ እድር የሟቾችን ድምፅና አነጋገር በአንድ መሣሪያ ውስጥ አኑሮ፣ ቤተሰብ በቸገረው ጊዜ እየመጣ ምክር ይጠይቃቸዋል። አንዲት አሮጊት ግን ድምፃቸው እንዳይወሰድ በእድሩ ጉባኤ ፊት ይሟገታሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሌላውን ሲያገለግሉ የኖሩ ሰው ከሞቱ በኋላም ማገልገል አለባቸውን? ታሪኩ የሚያጠነጥነው በዚህች ጥያቄ ላይ ነው።

ንባቡ እንዳበቃ አንድ ሐያሲ ተነሡ። ድርሰቱ የባዕድ ፊልም ግልባጭ መሆኑን፣ ሰፊው ሕዝብ የዕለት ጉርሱ በሚያሳስበው አገር ደራሲ ወደ መቶ ዓመት ማዶ መሸሹ ከኃላፊነት ማምለጥ መሆኑን አስረግጠው ተናገሩ። ተጨበጨበላቸው። ወጣቱም ወረቀቱን አጥፎ ተቀመጠ። እኔም በዚያች ቀን አንዲት ቃል ሳልተነፍስ ወጣሁ፤ ይህ ጽሑፍ የዚያ ዝምታዬ ዕዳ ነው።

በመሠረቱ «ባዕድ» የሚለው ክስ የራሳችንን የሥነ ጽሑፍ ቅርስ በቅጡ ካለማጤን የመነጨ ነው። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆኖ ተጠብቆ የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1773 እ.ኤ.አ. ቅጂዎቹን ወደ አውሮፓ ይዞ እስኪመለስና ሪቻርድ ሎረንስ በ1821 እ.ኤ.አ. ወደ እንግሊዝኛ እስኪተረጉመው ድረስ፣ ይኸን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር የሚያነበው የእኛ ሊቅ ነበር። መጽሐፉ ለአማኙ ቅዱስ መጽሐፍ እንጂ ልብ ወለድ አይደለም፤ ይህን ማምታታት አልፈልግም። ይሁን እንጂ ሰው በሰማያት መካከል ሲጓዝ፣ ፀሐይ የምትወጣባቸውን ስድስት በሮችና የምትገባባቸውን ስድስት በሮች ሲቆጥር፣ ዓመቱን በ364 ቀናት ሲለካ የሚያሳይ ጽሑፍ ለዘመናት የገለበጠና ያነበበ ሕዝብ፣ ያልታየውን ዓለም በቁጥርና በልክ አድርጎ ማሰብ ከሆሊዉድ ተማረ ማለት እንዴት ይቻላል?

ወደ ዘመናዊው ድርሰት ብንመጣም መልሱ ያው ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙትን መጽሐፍ «ልብ ወለድ ታሪክ» አሉት። ዛሬ የዘርፉ መጠሪያ አድርገን የምንጠቀምበት ይኸው ቃል ነው። ልብ የወለደው! ሐያሲያችን ግን ልብ ከጎረቤት ቤት አልፎ እንዳይወልድ ይፈልጋሉ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ «አዲስ ዓለም» ብለው በጻፉት መጽሐፍ ውስጥ አወቀ የተባለው ወጣት ከአውሮፓ ተምሮ ይመለስና አገሬውን ባደኸየው የተዝካር ድግስ ላይ ይነሣል። መጽሐፉ በተጻፈበት ጊዜ በርእሱ የተባለው አዲስ ዓለም በየትኛው አውራጃ ነበረ? የትም አልነበረም። ደራሲው ያልነበረውን አገር የሳሉት የነበረውን አገር ለመተቸት ነው። ከአውሮፓ በተመለሰው አወቀና በጉርድ ሾላዎቹ አሮጊት መካከል ያለው ልዩነት የዘመን እንጂ የዓላማ አይደለም።

በዚያ ምሽት ወጣቱን ባቡር ጣቢያው አጠገብ ካለች አንዲት ሻይ ቤት ወስጄ፣ ይህን ታሪክ ከየት እንዳመጣው ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ ከአያቴ ነው» አለኝ። አያቱ ተአምረ ማርያም ሲነበብ የሰሙትን ማታ ማታ ለልጆች ይተርኩ ነበር፤ ሲተርኩም በሰማዩ ነገር ላይ የመንደራቸውን ሰዎች ጨምረው፣ ማን ማንን እንደ በደለ ሳይቀር ይነግሯቸው ኖሯል። መብራት በጠፋ ቁጥር ተረቱ ይረዝማል። ሌላው መነሻው የሰፈሩ ስም ነው። ጉርድ ሾላ፣ ስሙ እንደሚነግረን፣ የተጎረደ ሾላ ነው፤ በልጅነቱ ዛፉን ማን እንደ ቆረጠው ለመጠየቅ ያልደፈረው ሰው አልነበረም፤ የሚመልስለት ግን አጣ። ያለፈውን የሚነግረው ሲያጣ ስለሚመጣው መጻፍ ጀመረ። በተማሪነቱ ደግሞ ይስማዕከ ወርቁ ያሳተመው «ዴርቶጋዳ» እጅ ለእጅ ሲዞር ደርሶት፣ በአንድ ሌሊት እንደ ጨረሰው ነገረኝ።

ስለ «ዴርቶጋዳ» ጥቂት ማለት ይገባል። የጣናን ገዳማት፣ ስለላንና የጠፈር ምርምርን በአንድ ገመድ ያሰረ ይህ መጽሐፍ፣ ልብ ወለድ አይነበብም በተባለበት ዘመን ደጋግሞ ታትሟል፤ መምህራን ከተማሪዎቻቸው እጅ የነጠቁትን ራሳቸው አንብበውታል። በናሳ የሠራውን የኢንጂነር ቅጣው እጅጉን ጥላ ያየበት አንባቢ ጥቂት አይደለም። ሐያሲያን ግን አንድም «ተአምር ነው» አሉ፣ አንድም አፍንጫቸውን ነፉ፤ ተቀምጦ የመረመረው ጥቂት ነው። እኔ በበኩሌ ጉድለቱን አልሸሽግም። አገር በአንድ ሊቅ ጭንቅላት ትድናለች የሚለው እምነቱ አይዋጥልኝም። ያን ሁሉ መሣሪያ የሚጠግነው ሠራተኛ የት አለ? ምሳውንስ የምታበስለው ማን ናት? ምናባዊ ድርሰት የሚጽፉ ወጣቶቻችን ከዚህ ሊማሩ ይገባል፤ ማሽኑን ሲያዩ ሰውን ይረሳሉ፤ የገጸ ባሕርያቱም ስም አንዳንድ ጊዜ የመድኃኒት ስም ይመስላል።

«ለሕዝብ አይጠቅምም» ወደሚለው ክስ ልለፍ። ኮንስታንቲን ጺዮልኮቭስኪ በካሉጋ ከተማ ያስተምር የነበረ፣ በልጅነት ሕመም የመስማት ኃይሉን ያጣ የትምህርት ቤት መምህር ነበር። ዡል ቬርን በ1865 እ.ኤ.አ. ስለ ጨረቃ ጉዞ የጻፈውን ዓይነት ድርሰት እያነበበ አደገ፤ በ1903 እ.ኤ.አ. የሮኬት በረራን በስሌት አሳየ፤ ራሱም ስለ ጠፈር ልብ ወለድ ጻፈ። ስሌቱ ሕልሙን ተከተለ እንጂ አልቀደመውም። እኛም ብንሆን በእንጦጦ ተራራ ላይ የከዋክብት መመልከቻ ተክለናል፤ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ከቻይና ምድር ተመንጥቃለች። ሳተላይት ያመጠቀ አገር ስለ ሰማይ የሚጽፍ ደራሲውን ሸሽተሃል ብሎ ይከሳልን?

ከሁሉ የሚብሰው ግን ይህ ነው። ደራሲው ስለ ነገ ባይጽፍ ነገ ሳይጻፍ አይቀርም። ከጉርድ ሾላ ወደ ሲኤምሲ የሚሄድ መንገደኛ በግንባታ አጥሮች ላይ የተለጠፉትን ሥዕሎች ይመልከት፦ ገና ያልተሠሩ ሕንጻዎች፣ ገና ያልበቀሉ ዛፎች፣ ፈገግ ያሉ ሰዎች። ጉሊት የለም፤ ሊስትሮ የለም፤ ዝናብ የሚያመልጥ ሰው የለም። የቀድሞው ነዋሪ ወዴት እንደ ሄደ ሥዕሉ አይናገርም። ይህም ምናባዊ ድርሰት ነው! ሕዝቡ በየዕለቱ እያነበበው ያልፋል፤ ሐያሲያችን ግን አንድ ቀን እንኳ ተነሥተው ሲተቹት አልሰማንም። ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ በ2015 እ.ኤ.አ. ለዕይታ የበቃውንና «ፍርፋሪ» የሚል ትርጉም ያለው ስም የሰጠውን ፊልም በአገራችን፣ በዳሎል ጭምር ቀረጸ፤ የዓለምን ፍጻሜ ማግሥት በኢትዮጵያዊው ተዋናይ በዳንኤል ታደሰ ገጽ አሳየን። ፊልሙ ጥሩ ነው፤ ቅሬታዬ በእሱ ላይ አይደለም። የእኛን ምድር ነገ ለማየት የውጭ ሰው መምጣት የነበረበት፣ የእኛው ልጅ ሲያነብ «ተቀመጥ» ስለምንለው ነው።

የጉርድ ሾላው ወጣት ጽሑፉን ለዚህ መጽሔት እንዲሰጥ ባለፈው ሳምንት ጠየቅሁት። «ትንሽ ይታገሡኝ፣ ጋሼ» አለኝ። አሮጊቷ በእድሩ ጉባኤ ይረቱ ወይስ ይረቱባቸው ገና አልወሰነም።