ልጓምና ልባብ

ፈረስ ያለ ብረት አይገዛም የሚለው አሳብ ከኮርቻው ጋር አብሮ የተሰፋ ይመስል ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ ኖሯል እንጂ፣ ቆም ብሎ የመረመረው ሰው ጥቂት ነው። ቋንቋችንም ዋስ ቆሞለታል፤ ያገኘውን ሁሉ የሚናገረውን ሰው አፉ ልጓም የለውም እንለዋለን፣ መምህራኑም ስለ ጾም ሲሰብኩ ፍትወተ ሥጋን የሚገታ ልጓም ነው ይሉናል፤ ቃሉ እንዲህ የሥርዓትና የጨዋነት ምሳሌ ከሆነ በኋላ፣ በብረቱ ላይ ክፉ የሚናገር ሰው በሥርዓት ላይ የተነሣ ዐመፀኛ መስሎ መታየቱ አይቀርም። እኔ ግን ምሳሌውን ለሰባኪዎቹ ትቼ ስለ ብረቱ ስለ ራሱ እናገራለሁ፤ በፈረስ አፍ የሚገባው ብረት ፈረሱን አያስተምረውም፣ የሰውየውን እጅ ስንፍና ግን ይሸፍንለታል፤ በወላይታም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል ከጋሪና ከመንገድ ፈረስ አፍ ሊወጣ ይገባዋል።

ይህን ለማለት ባሕር መሻገር አላስፈለገኝም። በዳሞታ ተራራ ግርጌ ባለችው በሶዶ ዳርቻ በማለዳ የሚወጣ ሰው፣ ዐሥር ዓመት የሞላው የማይመስል ልጅ በባዶ ጀርባ ተቀምጦ፣ በአፍንጫው ላይ አንድ ዙር የዞረች የገመድ ልባብ ብቻ ይዞ፣ ፈረሱን ወደ ውኃ ሲያወርድ ያያል፤ ልጁ ጉልበቱን ጠበቅ ሲያደርግ ፈረሱ ይፈጥናል፣ ወገቡን ቀና ሲያደርግ ይቆማል፣ ዳገቱ ላይ ልጁን እንቅልፍ ቢወስደው እንኳ ፈረሱ ከመንገዱ አይወጣም። ጥቂት ቆይቶ ያው ፈረስ ጋሪ ተጠምዶ፣ ሲሚንቶ ወይም የበቆሎ ጆንያ ተጭኖ፣ አፉ በብረት ተሞልቶ፣ ዐረፋው ደረቱ ላይ እየተንጠባጠበ ወደ ገበያ ሲወጣ እናየዋለን። ማለዳ በልጅ እጅ በገመድ የታዘዘ እንስሳ ረፋዱ ላይ በጎልማሳ እጅ ያለ ብረት አይታዘዝም ከተባለ፣ የተለወጠው ፈረሱ ሳይሆን ሰውየው መሆን አለበት።

አንድ ቀን የሠፈራችንን ባለጋሪ አስፈቅጄ ልጓሙን በእጄ ያዝሁት። ከሕንጻ ሥራ የተረፈ የፌሮ ቁራጭ ነው፤ ቀጥቃጩ ሁለቱን ጫፎች አጥፎ ቀለበት አስገብቶባቸዋል፣ መካከሉን ግን እንደ ነበረ ትቶታል፤ ሲሚንቶ እንዲይዝ ተብሎ ከፋብሪካ የወጣበት ሸካራ ጥርስ ዳርና ዳሩ ላይ ገና እጅ ይወጋል፣ ምላስ በተኛበት ቦታ ብቻ ተሞርዶ እንደ መስተዋት ያበራል። ምላስ ብረትን እስኪሞርድ ድረስ ስንት ቀን እንደ ፈጀበት አንባቢ ያስበው። ከቀለበቶቹ በአንዱ ላይ ሽቦ ተጠምጥሞበታል፣ የሽቦውም ጫፍ ወደ ውስጥ ዞሯል። የፈረሱን ከንፈር ገለጥ ሳደርግ የአፉ ማዕዘን ጠጉር የማያበቅል፣ ነጣ ብሎ የጠነከረ ጠባሳ ሆኖ አገኘሁት፤ በግራው በኩል አዲስ ቁስል ነበረበት። ባለጋሪው ክፉ ሰው አይደለም፤ ራሱ ቁርስ ሳይቀምስ ለፈረሱ ፉርሽካ የሚያቀርብ ነው። ቁስሉን ሳሳየው ዝም ብሎ ቆየና፣ «ጋሼ፣ ብረቱን ባወጣው ቁልቁለቱ ላይ ማን ይይዝልኛል?» አለኝ። ወደዚህ ጥያቄ እመለሳለሁ፤ ከሰማኋቸው መከራከሪያዎች ሁሉ እውነት ያለበት እርሱ ብቻ ነውና።

የተባዕት ፈረስ ጥርስ ሲሟላ 40 ይደርሳል፤ የፊት ጥርሶቹና መንጋጋዎቹ ግን አይገናኙም፣ በመካከላቸው ባዶ ድድ አለ። ሰው ይህን ክፍት ቦታ አይቶ ፈጣሪ ለልጓም ያዘጋጀው ነው ብሎ ዐረፈ፤ በዚህ አነጋገር የበሬ ጫንቃም ቀንበር ሳይፈለሰፍ ለቀንበር ተቀርጾ ነበር ማለት ነው። እዚያ ቦታ ላይ የታችኛው መንጋጋ አጥንት የቀጠነ ጠርዝ አለው፣ የሚሸፍነውም ስስ ድድ ብቻ ነው። የፊንላንድ የእንስሳት ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ጥናት ከውድድር የተመለሱ 261 የሠረገላ ፈረሶችን አፍ ቢመረምሩ፣ ከመቶ 84ቱ ልጓሙ በሚያርፍበት ስፍራ አዲስ ቁስል ተገኘባቸው፤ እነዚያ ፈረሶች ባለቤትም ሐኪምም የማያጡ፣ ልጓማቸውም በፋብሪካ የለሰለሰ ነው። የእኛ ፌሮ ምን እንደሚያደርግ ከዚህ ወዲያ ማስረጃ የሚሻ ሰው ወደ ገበያ ወርዶ አንድ ከንፈር ይግለጥ። ደግሞም ፈረስ በተፈጥሮው ከሕማም የሚሸሽ እንስሳ ነው፤ ሕማሙ በገዛ አፉ ውስጥ ሲሆን ወዴት ይሸሻል? ወደ ፊት ይሮጣል፤ ሰውየውም ሮጠብኝ ብሎ ይበልጥ ይስባል፣ ፈረሱም ይበልጥ ይሮጣል፤ ከዚያ በኋላ ይህ ፈረስ ያለ ብረት የሚያዝ አይደለም ተብሎ ይመሰከርበታል።

ልጓም የአባቶቻችን ነው የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው፣ የአባቶቻችን ነው። ነገር ግን የማን አባት፣ ለምን ሥራ? የጥንቱ ልጓም በአፍ ውስጥ ወደ ላንቃ የሚነሣ ብረትና አገጭን ከታች የሚከብ ቀለበት ያለው፣ በጣት ቢነኩት አንገት የሚያስጠመዝዝ የጦር መሣሪያ ነበር፤ ፈረሰኛው በግራ ክንዱ ጋሻ፣ በቀኙ ጦር ይዞ፣ እርካቡንም በእግሩ አውራ ጣት ብቻ ቆንጥጦ ሲጋልብ ለዛብ የሚተርፈው ኃይል ጥቂት ነበርና ብረቱ እንዲጨክን ተደረገ። የወላይታው ንጉሥ ካዎ ጦና በ1887 ዓ.ም. ከዐፄ ምኒልክ ሠራዊት ጋር በተዋጉበት ዘመን፣ ከዚያም በ1888 በዓድዋ፣ ፈረስ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ስለ ነበረ ያ ጭካኔ ምክንያት ነበረው። የዛሬው ባለጋሪ ጋሻ አልያዘም፣ ጦርም አይወረውርም፤ የያዘው የሽንኩርት ጆንያ ነው። በጦር ሜዳ ለአንዲት ቅጽበት የታሰበውን ብረት ከንጋት እስከ ምሽት በሰላማዊ ጎዳና ማስነከስ የአባቶችን ወግ መጠበቅ ሳይሆን ወጉን አለማወቅ ነው። ደግሞስ ያ ትውልድ ፈረሱን በምን ያህል ክብር ያይ ነበር! ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ መባላቸው በፈረሶቻቸው ስም ነው። በአዊ የአገው ፈረሰኞች ማኅበርም ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን የሚያከብረው በዓድዋ የዘመቱትን ፈረሰኞችና ፈረሶች እያሰበ ነው። ስማቸውን ለክብራችን ስንወስድ አፋቸውን ገልጠን ማየት ለምን ረሳን?

ከመጽሐፍ የሚጠቅሱም አይጠፉም፤ ዳዊት በመዝሙሩ፣ ያዕቆብም በመልእክቱ ልጓምን ያነሣሉ። ሁለቱም ግን የሰውን ልብና የሰውን አንደበት ለማረም ከዘመናቸው ልማድ ምሳሌ ወሰዱ እንጂ የፈረስ ሥርዓት አልደነገጉም፤ ሰሎሞን በበኩሉ የጻድቅን ሰው ምልክት ሲቆጥር ለእንስሳው መራራትን ጨምሮበታል፣ ይህን ግን በጋሪ ተራ ሲጠቅሱት ሰምቼ አላውቅም።

አሁን ወደ ባለጋሪው ጥያቄ። ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርደውን አስፋልት ያየ ሰው ፍርሃቱን አይንቅበትም፤ ጭነቱ ከኋላ ይገፋል፣ ባጃጁ ከጎን ይሽቀዳደማል፣ አይሱዙው ከፊት ይመጣል። ነገር ግን ጋሪው ፍሬን የለውም። መንኰራኩሩ ከአሮጌ መኪና የተወሰደ፣ ጎማው የመኪና ጎማ ሆኖ ሳለ፣ መኪናው የነበረው ፍሬን ብቻ ሲቀር ማንም አልጠየቀም፤ የዚያ ጉድለት ዕዳ በፈረሱ ድድ ይከፈላል። በእግር የሚረገጥ፣ እንጨት ከጎማው ጋር የሚያጣብቅ ቀላል መያዣ ለመሥራት የሶዶ በያጆች ግማሽ ቀን ቢፈጅባቸው ነው። የጋሪ ታርጋ የሚሰጠው ማዘጋጃ ቤት ታርጋውን ከመስጠቱ በፊት ፍሬኑን ቢጠይቅ፣ የባለጋሪው መከራከሪያ በዚያው ቀን ያበቃል። ብረት በነከሰ አፍ የቆመ ጋሪ ካለ፣ ከሕማሙ የተነሣ ፈረሱ በኋላ እግሮቹ ተንበርክኮ ያቆመው ነው፤ ለእርሱም ቢሆን ጉልበቱን እንጂ አፉን ማመስገን አይገባም።

በምን ይተካ ለሚለኝ፣ ስሙ ከነትርጓሜው በቋንቋችን አለ፤ ልባብ ነው። ኑሚድያውያን፣ የሰሜን አፍሪቃ ሰዎች፣ በ216 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ከሐኒባል ጎን በካናይ ተሰልፈው ሮማን ድል ሲነሡ ፈረሶቻቸውን ያለ ልጓም ይጋልቡ ነበር፤ በእኛ ዘመንም የእንስሳት ሐኪሙ ሮበርት ኩክ ከአገጭ በታች ተሻግሮ ጭንቅላትን ከጎንና ከጎን የሚገፋ ልባብ ነድፏል፤ በዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽንም ሥር ከፍተኛውን አጥር የሚዘሉ ፈረሶች ያለ ብረት እንዲወዳደሩ ተፈቅዷል። አንድ ነገር ግን ሳልሸሽግ መናገር አለብኝ፤ ልባብም በክፉ እጅ ይገድላል። የፈረስ አፍንጫ አጥንት ወደ ታች ሲወርድ ይሳሳል፣ ከዚያም ለስላሳ ሥጋ ብቻ ይሆናል፤ ቀጭን ሲባጎ እዚያ ላይ ያሰረ ሰው ትንፋሹን ይዘጋበታል፣ ፈረስም እንደ እኛ በአፉ መተንፈስ አይችልም። ስለዚህ የአፍንጫው ማሰሪያ ሦስት ጣት የሚሰፋ ቆዳ ወይም ድርብ ጥጥ ይሁን፣ ከአፍንጫው ቀዳዳ አራት ጣት ከፍ ብሎ በአጥንቱ ላይ ይረፍ፣ በማሰሪያውና በአጥንቱ መካከልም ሁለት ጣት ይግባ። አዲሱንም ልባብ በመጀመሪያው ቀን ይዞ ወደ አስፋልት የሚወጣ ሰው ራሱንም መንገደኛውንም ይፈትናል፤ በግቢ ውስጥ፣ ባዶ ጋሪ ተጠምዶ፣ መቆምና መዞር በድምፅ እየተነገረው ይለመድ።

ኢትዮጵያ 2 ሚሊዮን ገደማ ፈረስ ያላት አገር ናት፤ በወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲም የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ይሰጣል። ተማሪዎቹ ከግቢያቸው ወጥተው አንድ የገበያ ቀን በጋሪ ተራ ቢውሉ ከየትኛውም መጽሐፍ የማያገኙትን ይማራሉ፤ ቀጥቃጩም ከፌሮው ፈንታ ለልባቡ ዘለበት ቢሠራ ገቢው አይጎድልበትም።

አንተም አንባቢ፣ በሶዶም ሆነ በቦዲቲ ወይም በአረካ ጋሪ ስትጠራ፣ በዋጋ ከመከራከርህ በፊት ወደ ፊት ሄደህ የፈረሱን አፍ ማዕዘን ተመልከት፤ ደም ካየህበት ለባለጋሪው ሒሳቡን ከፍለህ በእግርህ ሂድ፣ ለምን እንደ ሄድህም ንገረው።