የሕፃናት ጨዋታና የአባቶች ቅጥር

አንድ ሕዝብ ታሪኩን ለልጁ የሚያወርሰው በሁለት መንገድ ነው፤ አንደኛው በድንጋይ የታነጸው ሕንፃ፥ ሁለተኛውም በእሳት ዳር የሚነገረው ተረት ነው። ሕንፃው ሲፈርስ ለሁሉ ይታያል፤ ተረቱ ግን ነጋሪው ሽማግሌ ባረፈ ጊዜ ድምፅ ሳያሰማ አብሮት ይቀበራል። ስለዚህ ሁለቱን ማገናኘት፥ ይኸውም በታሪካዊ ሥፍራ አጠገብ ከአገሩ ተረት የተቀዳ የሕፃናት መጫወቻ ማዘጋጀት፥ እንደ ቅንጦት ሊቈጠር አይገባውም።

ይህ አሳብ በሌላ አገር በሥራ ታይቷል። በሰሜን አየርላንድ ስሊቭ ጉሊየን በሚባለው ተራራ ራስ ላይ አምስት ሺህ ዓመት ያህል የቈየ የድንጋይ መቃብር አለ። ፊን ማኩል የተባለው ኀያል ሰው በአንዲት አስማተኛ ሴት ተታልሎ በተራራው ላይ ወዳለው ሐይቅ በገባ ጊዜ ሽምግልና ተጭኖት ወጣ ብሎ የአገሩ ሰው ይተርካል። ዛሬ ከተራራው በታች ባለው ደን ውስጥ፥ የግዙፎች ሰዎችንና የአስማተኞችን ተረት መነሻ ያደረገ የሕፃናት መንገድና መጫወቻ ይገኛል። ልጆቹ በታች ይጫወታሉ፤ ጥንታዊው መቃብር በላይ በክብሩ ይኖራል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለጐንደር ይበጃል። ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. በቈረቈሩት በዚህ ከተማ፥ 900 ሜትር ርዝመት ባለው ቅጥር የተከበበው የነገሥታት ግቢ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር በ1979 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፏል። ሕፃን ወደዚህ ግቢ ሲገባ፥ አትንካ፥ አትውጣ፥ አትሩጥ መባሉ ተገቢ ነው፤ ግንቡ የመንጠላጠያ ሥፍራ አይደለምና። ነገር ግን ልጁ የሚያስታውሰው ክልከላን ብቻ ከሆነ፥ ነገ ባደገ ጊዜ የግቢው ጠባቂ ይሆናል ብሎ ተስፋ ማድረግ ያስቸግራል።

እንግዲህ ከቅጥሩ ውጭ፥ ከጥንታዊው መሠረት ርቆ፥ ስንዝሮ ብቻ የሚያልፍባት የምትመስል ጠባብ በር፥ በሩቅ የሚነደውን እሳት እያየ በብርድ ያነጋው አሽከር የቆመበትን ተራራ የሚያስታውስ የአፈር ጉብታ፥ ከድንጋይ የተፈለፈለ ገበጣ፥ የሰኞ ማክሰኞ ሜዳ፥ በዛፍ ጥላ ሥርም የተረት ነጋሪ መቀመጫ ቢዘጋጅ ወጪው የሚከብድ አይሆንም። እንጨቱም፥ ድንጋዩም፥ አናጢውና ግንበኛውም ከአገር ይገኛሉና። የተረት ነጋሪ ቃል በልጅ ልብ ውስጥ ምን ያህል እንደሚተከልም፥ በ2009 ዓ.ም. ያረፉት አባባ ተስፋዬ ሣህሉ በቴሌቪዥን ሲተርኩ እየሰማ ያደገው ትውልድ ምስክር ነው።

ነገር ግን መልካም አሳብ በችኰላ እንዳይበላሽ ሦስት ነገሮች ይጠበቁ። መጀመሪያ፥ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቍጥር 209 ይከበር፤ የቅርስ ዐዋቂዎች ቦታውን መርምረው ሳይፈቅዱ አንዲት ጕድጓድ እንኳ አትቈፈር። ሁለተኛ፥ ከባሕር ማዶ የተገዛ የፕላስቲክ መንሸራተቻ አቁሞ የተረት መጫወቻ ብሎ መጥራት ልጅን ማታለል ስለ ሆነ ይቅር፤ ከማናቸውም ሥራ በፊት የአገሩ ሽማግሎችና ባልቴቶች ተጠይቀው ተረታቸው ይጻፍ። ሦስተኛ፥ መጫወቻው ለእንግዳ ልጅ ብቻ የሚከፈት አይሁን። የጐንደር ድኻ ልጅ የመግቢያ ገንዘብ አጥቶ ከበር የሚመለስ ከሆነ፥ ሥራው ሁሉ ከንቱ ይሆናል፤ ቅርሱን ከማንም በፊት የሚጠብቀው እርሱ ነውና።

የግንብ ስንጥቅ በኖራ ይጠገናል፤ የተቋረጠ ተረት ግን መጠገኛ የለውም። ሥልጣን ያላቸው ክፍሎች፥ የከተማው ሹማምንት፥ መምህራንና ወላጆች፥ ነጋሪዎቹ በሕይወት ሳሉ በዚህ ጉዳይ ቢመክሩበት፥ ግቢውም ወራሽ፥ ተረቱም ሰሚ ያገኛል።