የካርታው ክፍል በማታ ይከፈት

በቅኔ ቤት፣ መምህሩ የጀማሪውን ሁሉ ቅኔ እየሰሙ ለማረም ጊዜ ስለማይበቃቸው፣ በዕውቀት ከፍ ያለው ተማሪ አስነጋሪ ይሆንና ታናናሾቹ የቆጠሩትን ይሰማል፤ ቤት ያልመታውን ያቃናል፤ ምስጢሩ የራቀባቸውንም ያቀርብላቸዋል። ይህ ሥርዓት የመምህር ማነስ የወለደው ብልሃት ብቻ ሳይሆን፣ አስነጋሪው ባልንጀራውን ሲያቀና ራሱ እየቀና ለመምህርነት መዓርግ የሚደርስበት መሰላል ነው። በ1943 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተጀመረው ዘመናዊው የከፍተኛ ትምህርታችን ከውጭ ብዙ መልካም ነገር ሲቀበል፣ ይህንን የቤቱን ሀብት ግን በሥርዓትነት ሳይዘው ቀርቷል፤ ጉዳቱም በጂኦግራፊ ትምህርት ላይ እጅግ ይከብዳል ብዬ አምናለሁ።

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ በነበርሁበት ጊዜ፣ የካርታ ንባብ ያስተምረን የነበረው መምህር በዕውቀቱ የተመሰገነ ሰው ሳለ፣ የእኩል ከፍታ መስመሮች በሸለቆ ላይ ወደ ወንዙ ምንጭ፣ በተረተር ላይ ግን ወደ ቁልቁለቱ እንደሚሾሉ በእንግሊዝኛ አንድ ጊዜ ተናግሮ ስላለፈ፣ እኔም በዙሪያዬ የተቀመጡትም ሸለቆውን ተረተር፣ ተረተሩን ሸለቆ እያልን ሳለን የፈተናው ቀን ተቃረበብን። ያዳነን አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበር። ከተማሪዎች ምግብ ቤት አንድ ትልቅ ድንች ለምኖ አመጣና ለሁለት ከፍሎ፣ ግማሹን በጠረጴዛ ላይ ከደፋ በኋላ፣ ጎኑን ጎርፍ እንደ ቦረቦረው መሬት በቢላዋ ቦይ አወጣለት፤ ከዚያም ከግርጌው እስከ አናቱ በእኩል ውፍረት እየቆረጠ፣ የእያንዳንዱን ቁራጭ ዙሪያ በአንድ ወረቀት ላይ በእርሳስ አሰመረን። መስመሮቹ ሲጠጋጉ ገደል፣ ሲራራቁ ሜዳ መሆኑን፣ በቦዩም ላይ ሹላቸው ወደ ላይኛው ወገን መዞሩን በዓይናችን አየን። እርሱም አምና በዚሁ ጥያቄ ላይ መሳሳቱን ሳያፍር ነገረን።

የነገሩ ቁም ነገር ያለው በዚህ ላይ ነው። ሊቅ የሆነ ሰው፣ ዕውቀቱ ከባሕርዩ ጋር ከተዋሐደ ብዙ ዘመን ስለሆነው፣ ቀድሞ ያላወቀውን አለማወቁን ይረሳል፤ ትናንት ተደናቅፎ የተነሣው ግን ድንጋዩ የት እንዳለ ያስታውሳል። በተጨማሪም ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ፣ ተማሪው ቋንቋውንና ነገሩን በአንድ ጊዜ ሊታገል ይገደዳል፤ ባልንጀራው በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ወይም በሲዳምኛ ሲያስረዳው ግን ከሁለቱ ሸክም አንዱ ይወርድለታል።

ጂኦግራፊን ከሌላው ትምህርት የሚለየው ደግሞ፣ ተማሪው ገና ከመማሩ በፊት የትምህርቱ ምስክር መሆኑ ነው። ትምህርት ሚኒስቴር ተማሪዎችን ከየአገሩ ወደ የዩኒቨርሲቲው ስለሚመድብ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ፣ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ከሚገኘው ከዳሎል አካባቢ የመጣ፣ የጨው ቆረጣን ያየ ልጅ፣ በክረምት የባሮ ወንዝ ሲሞላ መንደሩ ውሃ ከሚከበው የጋምቤላ ልጅ አጠገብ ሊቀመጥ ይችላል፤ ከኋላቸውም፣ በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ በተጻፈው በኮንሶ እርከን ላይ ከአባቱ ጋር ድንጋይ የካበ ተማሪ ይኖራል። እነዚህን ሦስቱን አገናኝቶ ማነጋገር፣ የትኛውም መጽሐፍ የማይሰጠው ጉባኤ ነው። እኛ ግን ሁሉንም ወደ ሰሌዳው አዙረን በዝምታ ማስታወሻ እንዲጽፉ እናደርጋለን፤ ይህም ያሳዝነኛል።

ስሕተት ከተማሪ ወደ ተማሪ ይተላለፋል የሚሉ አሉ፤ ሥጋታቸውም ከንቱ አይደለም። ስለዚህ የሚያስረዳው ተማሪ በመምህሩ ሊመረጥ፣ ሊሠለጥንና ሊታይ ይገባዋል። በአሜሪካ የሚዙሪ ካንሳስ ሲቲ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1973 የጀመረው አሠራር ይህንን ያሳያል፤ በዚያ ድጋፉ የሚሰጠው ደካማ ተብሎ ለተለየ ተማሪ ሳይሆን ብዙዎች ለሚወድቁበት ትምህርት ስለሆነ፣ የሚመጣው ሁሉ ሳያፍር ይመጣል፤ የሚመራውም ያንን ትምህርት በመልካም ውጤት ያለፈ ተማሪ ነው። በአገራችን ቀደም ሲል ተማሪዎች በቡድን እንዲረዳዱ የተዘረጋው የአንድ ለአምስት አደረጃጀት ግን ከላይ ስለ ታዘዘና ብዙ ተማሪ እንደ መቆጣጠሪያ ስላየው፣ ፍሬው ጥቂት ነበር።

አጋጣሚው ደግሞ በእጃችን ነው። ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ በጋራ ትምህርትነት ስለሚሰጥ፣ በየጊቢው ብዙ ተማሪ ካርታ እንዲያነብ ይጠየቃል፤ በአንጻሩም ያንን ሊያስረዱ የሚችሉ የሦስተኛና የአራተኛ ዓመት የጂኦግራፊ ተማሪዎች በዚያው ጊቢ ውስጥ አሉ። ለመስክ ትምህርትም እንዲሁ ነው፤ አንድ መምህር አንድ ሙሉ ክፍል ወደ እንጦጦ ጋራ ይዞ ቢወጣ ድምፁ ከፊተኞቹ አያልፍም፤ ተማሪዎቹ ግን በየአሥሩ ተከፍለው አንዳንድ ታላቅ ቢመደብላቸው፣ በስተደቡብ የወረደው ዝናብ በአዋሽ በኩል በአፋር ምድር እንደሚቀር፣ በስተሰሜን የወረደው ግን በዓባይ በኩል እስከ ሜዲትራኒያን ባሕር እንደሚጓዝ፣ የውሃ መለያውን እየረገጡ ይማራሉ።

የጂኦግራፊ ትምህርት ክፍል ኃላፊዎች ሆይ፣ ተማሪ ለተማሪ የሚያስረዳበት ይህ ሥርዓት አዲስ ሕንፃ አይሻም። በሚመጣው መንፈቀ ዓመት የካርታውን ክፍል በሳምንት ሁለት ማታ ክፈቱ፤ ለጀማሪዎቹ እንዲያስረዱ ሁለት የታመኑ ታላላቅ ተማሪዎችን መድቡ፤ ድካማቸውንም በትምህርት ማስረጃቸው ላይ ጻፉላቸው።